የልጅ ልጅ የማን ልጅ ነው?
(በደብረ ሲና ከተማ ለሕዝብ ከቀረበ የሕግ ትምህርት ንግግር)



በመካከላችሁ ከሸዋ ሮቢትና ከቀወት ገጠር ድረስ የመጣችሁም እንዳላችሁ ነግረውኛል። ቆለኞቹ ጋቢ ሳትይዙ እንደወጣችሁ ከአቀማመጣችሁ ያስታውቃል፤ የጣርማ በር ብርድ እንዳይገርፋችሁ ነገሬን አላረዝምም።

የዛሬው ርዕስ ወላጅና አያት በአንድ ልጅ ሲካሰሱ ሕጉ ምን ይላል የሚል ነው። በመሬት ክርክር የተረታ ያዝናል፣ የረታ ይደሰታል። በዚህኛው ግን የረታውም ቢሆን ከችሎት የሚወጣው አንገቱን ደፍቶ ነው። የረታው የገዛ እናቱን ነው፣ ወይም የገዛ ልጁን ነው፣ ወይም ሴት ከሆነች የሟች ባሏን እናት ነው። ከዚያ በኋላ በዓል ይመጣል፣ ለቅሶ ይመጣል፣ ሰርግ ይመጣል፤ መገናኘት አይቀርም።

በምሳሌ ልጀምር። ምሳሌው የማንም የተወሰነ ሰው ታሪክ አይደለም፤ ሆኖም ከዚህ እስከ አጣዬ ባለው መንገድ ዳር ለማንም እንግዳ አይሆንም። የአንዲት ወጣት ትዳር ይፈርሳል። ልጇ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። አባትየው ወጥቶ ቀርቷል። ወጣቷ ፓስፖርት ታወጣና ሕፃኑን ለእናቷ ሰጥታ ወደ ጅዳ ወይም ወደ ቤይሩት ትሄዳለች። መጀመሪያ በየወሩ ገንዘብ ትልካለች፣ ትደውላለች። ቆይቶ አሠሪዋን ስትቀይር ስልኳ ይጠፋል፤ ገንዘቡም አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል። በሰባተኛው ዓመት ትመለሳለች። አዲስ አበባ ቤት ተከራይታ ሁለተኛ ትዳር መሥርታለች። «ልጄን ልውሰድ» ስትል እናቷ «የቱን ልጅሽን?» ትላታለች። ልጁ አያቱን «እማዬ» ይላል፤ እናቱን በስሟ ይጠራል።

ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ አለ። ወንድ ልጅ ይሞትና ሚስቱ ከልጅ ጋር ትቀራለች። የባሏ ወላጆች «የልጃችን ምትክ ነው፣ ከቤታችን አይወጣም» ብለው ሕፃኑን ይይዛሉ። እሷ ከዓመት በኋላ ወደ ዘመዶቿ ልትመለስ፣ ወይም ሌላ ልታገባ ስትነሳ ጠቡ ይፈነዳል። የባል ወገን ቆላ፣ የሚስት ወገን ደጋ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ልጁ ግን ብርዱንም ሙቀቱንም፣ ትምህርት ቤቱንም ጓደኛውንም በአንድ ቀን እንዲለውጥ ይጠየቃል።

እንግዲህ ሕጉ የሚነሳው ከወላጅ ነው። ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ፤ ብዙ አያት ሳያውቁት ቀርተው ችሎት ላይ ይደነግጣሉና። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ላይ ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አባትና እናት በጋራ የልጃቸው አሳዳሪና ሞግዚት እንደሆኑ ይናገራል። ከሁለቱ አንዱ ከሞተ ወይም ኃላፊነቱን መወጣት ካልቻለ የቀረው ብቻውን ይይዛል። እኛ ያለንበት የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ያወጣ ሲሆን መሠረቱ ተመሳሳይ ነው። አያት በዚህ ቅደም ተከተል የሚመጣው ወላጅ ሳይኖር ሲቀር ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ልጇን ለማሳደግ የባሏን ወላጆች ፈቃድ መለመን አይጠበቅባትም። «የልጃችን ምትክ ነው» የሚለው ሐዘን ሁላችንም የሚገባን ሐዘን ነው፤ መብት ግን አይሆንም።

ስለ ዕድሜ አንድ ነገር ላንሳ። «ልጅ አምስት ዓመት እስኪሞላው የእናቱ ነው» የሚለውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ይህ ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቀረ ነው። ያ ሕግ ባልና ሚስት ሲፋቱ ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ለእናቱ ይሰጥ ይል ነበር። አዲሱ ሕግ ይህን ቁርጥ ያለ ደንብ ትቶታል። አሁን ዳኛው የሚያየው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ የልጁንም ዕድሜና ጥቅም ነው። «ወንድ ከሆነ ለአባት፣ ሴት ከሆነች ለእናት» የሚለው ደግሞ ከየት እንደመጣ እንጃ፤ በቤተሰብ ሕጉ ውስጥ የለም።

እስካሁን የተናገርኩትን ሰምቶ የሚሄድ ሰው «በቃ፣ ወላጅ መጥቶ ይዞ መሄድ ይችላል» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ይህ ትክክል እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ውሳኔ አለ፤ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 በጥቅምት 2000 ዓ.ም. የሰጠው ውሳኔ ነው። ጉዳዩ የመጣው ከያኔው የደቡብ ክልል ሲሆን ተከራካሪዎቹ አባትና የልጁ አክስት ናቸው፤ አያት አይደሉም። ጥያቄው ግን የእኛው ጥያቄ ነው። ልጁን ያሳደገችው አክስት ናት። አባትየው ለዓመታት የአባትነት ሥራ ሳይሠራ ኖሮ በኋላ መጣና «አባት እኔ ነኝ፣ በሕግ አሳዳሪና ሞግዚቱም እኔ ነኝ» አለ። የታች ፍርድ ቤቶች ሕጉን ገልጠው አነበቡ። ሕጉ ከወላጆች አንዱ ሲጎድል የቀረው ይይዛል ስለሚል ለአባት ፈረዱ። ፊደሉን ካያችሁት አልተሳሳቱም።

አክስት ግን አልተወችም፤ ሰበር ድረስ ሄደች። ሰበር ችሎቱ የታች ፍርድ ቤቶችን ውሳኔ ሻረ። ምክንያቱን የቤተሰብ ሕጉ ላይ ብቻ አላቆመም። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 2 አነሳ፤ ፍርድ ቤት ሕፃንን የሚመለከት ነገር ሲወስን ቅድሚያ ማየት ያለበት የሕፃኑን ጥቅም ነው የሚለውን። ከዚያ አልፎ ኢትዮጵያ የተቀበለችውን የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት ጠቀሰ። ስምምነቱ በ1984 በአዋጅ ቁጥር 10 ይጽደቅ እንጂ ሙሉ ቃሉ በነጋሪት ጋዜጣ ስላልታተመ ዳኞች ሊሠሩበት ይችላሉ ወይስ አይችሉም እየተባለ በሕግ ሰዎች ዘንድ ሲያከራክር የኖረ ነው። ሰበር ግን በሕገ መንግሥቱ መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ብሎ ሠራበት። አምስት ዳኞች የተሰየሙበት የሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በማንኛውም ደረጃ ያለ ፍርድ ቤትን ያስገድዳል። ስለዚህ የጣርማ በር ወረዳ ፍርድ ቤትም፣ የቀወትም፣ ደብረ ብርሃን ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በዚህ ይታሰራሉ።

ይህን ውሳኔ ስንሰማ ብዙዎቻችን ደስ ይለናል፤ ከወለደ ያሳደገ ይበልጣል ስንል ኖረናልና። ነገር ግን ከሚገባው በላይ አትለጥጡት። ሰበር «ያሳደገ ይውሰድ» አላለም። ያለው የወላጅ ቅድሚያ የሚጸናው የልጁን ጥቅም እስካልጎዳ ድረስ ነው የሚል ነው። ያ አባት የተረታው አክስት ስለበለጠችው አይመስለኝም። የተረታው በእጁ የነበረውን የአባትነት ጊዜ ሳይጠቀምበት ስላሳለፈው ነው። የእኛዋ የጅዳ ተመላሽ ግን ሌላ ናት። እሷ የሄደችው ልጁን ለማኖር ነው፤ ስትችል ልካለች፣ ሳትችል ቀርታለች። ዳኛ እሷን እንደዚያ አባት ቢያያት ግፍ ይሆናል ባይ ነኝ።

ታዲያ ዳኛው ይህን ልዩነት በምን ያውቃል? በወረቀት ነው። አያቶች ችሎት ሲቀርቡ ብዙ ጊዜ አንድ ፌስታል ይዘው ይመጣሉ። በፌስታሉ ውስጥ የልጁ የክትባት ካርድ አለ፤ ጠርዙ ተበልቶ፣ የጤና ጣቢያው ማኅተም ደብዝዞ። የትምህርት ቤት ካርድ አለ፤ «የወላጅ ፊርማ» በሚለው ቦታ የአያት አሻራ ተደርጎበታል። የክርስትና ፎቶ ይኖራል። እናትየው ደግሞ በበኩሏ የሐዋላ ደረሰኝ ታመጣለች፤ አንዳንዱ በአረብኛ የተጻፈ ነው፣ አንዳንዱ በጎረቤት ስም የተላከ ነው። ስልኳን ከፍታ የድምፅ መልእክት ታሰማለች። እነዚህ ተራ የሚመስሉ ነገሮች ከምስክር ንግግር ይበልጥ ይናገራሉ። ምስክር ሁሌም «ጥሩ አያት ናቸው»፣ «ጥሩ እናት ናት» ነው የሚለው፤ ከዚህ ዳኛ ምን ይይዛል?

ፍርድ ቤቱ ካስፈለገው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ የሁለቱንም ቤት አይቶ እንዲያስረዳ ማዘዝ ይችላል። ባለሙያው ልጁ የት እንደሚተኛ፣ ትምህርት ቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ሲታመም ማን ይዞት እንደሚሄድ ያያል። ቤቱ ቆርቆሮ ነው ሳር ነው ብሎ መመዘን ግን ዋጋ የለውም። ገቢ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ይሁን እንጂ በገቢ ብቻ ይወሰን ከተባለ ልጅ ሁሉ ለባለጸጋው ዘመድ ሊሰጥ ነው። የድህነት መፍትሔ ቀለብ መቁረጥ ነው። ልጁ አያቱ ዘንድ ይቆይ ቢባል እንኳ ወላጅ ከቀለብ አይድንም፤ ሕጉ ወላጅንና ልጅን ብቻ ሳይሆን አያትንና የልጅ ልጅንም በቀለብ ያስተሳስራል።

አያቶች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ፍርሃት አለ፤ «እንጀራ አባት እጅ አልጥለውም» የሚል። ፍርሃቱን አላቃልልም፤ ያየነው ነገር አለ። ሆኖም ሴት ስላገባች ብቻ ልጇን ታጣለች የሚል ሕግ የለንም፤ ሊኖርም አይገባም። እንጀራ አባትየው የሚያስፈራ ሰው ከሆነ ምን አደረገ ነው ጥያቄው። ይጠጣል? ይማታል? ልጁ እሱ ዘንድ ሰንብቶ ሲመጣ ምን ሆኖ መጣ? መልስ ከሌለ ፍርሃት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በተቃራኒው ደግሞ እናቶች «አያት ያሳደገው ልጅ ይበላሻል» እያሉ ያመለክታሉ። ይህም በሰፈር የምንሰዳደብበት ስድብ እንጂ የፍርድ ምክንያት አይደለም። አያት ያሳደጋቸው ስንትና ስንት ሰዎች በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣችኋል!

ሸዋ ሮቢት ስላለበት የይፋት ቆላ ስናገር ሸሪዓን ሳላነሳ ባልፍ ግማሽ ሰው የተውኩ ይመስለኛል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን የሚኖርበት፣ የአርጎባም ሕዝብ ያለበት አገር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲታይ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ሁለቱም ተከራካሪ ፈቅደው ሲቀርቡ ነው። አንዱ ካልፈቀደ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። እዚህ ላይ የሚያስደንቀኝ ነገር የሸሪዓ ሊቃውንት አያትን የሚያስቀምጡበት ቦታ ነው። ሕፃን ልጅን የማሳደግ ተራ መጀመሪያ የእናት ነው፤ እናት ከሌለች ወይም ካልቻለች በታላላቆቹ መዝሀቦች (የሸሪዓ ሕግ ትምህርት ወገኖች) ዘንድ ቀጥሎ የምትመጣው የእናት እናት ናት፣ አባት አይቀድማትም። የልጁን ንብረትና ዋና ዋና ጉዳዮች የመጠበቅ ሥልጣን ግን ከአባት ዘንድ ይቆያል። በሻፊዒ መዝሀብ ደግሞ ልጁ ሰባት ዓመት አካባቢ ደርሶ መለየት ሲጀምር ከእናትና ከአባት አንዱን እንዲመርጥ ይጠየቃል። ስለዚህ ከሮቢት የመጣች አንዲት አያት «እኔ መብት አለኝ» ስትል ከባዶ ተነስታ አይደለም። በመደበኛው ፍርድ ቤት ግን ያ ቅደም ተከተል እንደማይሠራ ማወቅ አለባት፤ ሁለቱን በር አደባልቆ መሄድ ብዙ ሰው አጉላልቷል።

የልጁን ፈቃድ ካነሳን፣ ልጅን መጠየቅ በመደበኛው ሕግም አለ። የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 ሐሳቡን መግለጽ የሚችል ልጅ እንዲሰማ ያዛል። ግን እንዴት ነው የሚጠየቀው? እናትና አያት ግራና ቀኝ ተቀምጠው፣ ዘመድ አዝማድ ከኋላ አጨናንቆ፣ «ማንን ትመርጣለህ?» ማለት ልጅን መቅጣት ነው። የሚሰማው ለብቻው ነው፣ በዝግ ነው፣ በቀላል ቋንቋ ነው። የመለሰው መልስም ይመዘናል እንጂ እንዳለ አይወሰድም። ትናንት ብስክሌት የተገዛለት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዛሬ ምን እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን።

በውጭ አገርም የወላጅና የአያት ጥያቄ ታላላቅ ፍርድ ቤቶችን አስጨንቋል። የእኛ የቤተሰብ ሕግ ከጸደቀበት ከሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ ግንቦት 28 ቀን፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከዋሽንግተን ግዛት የመጣ ጉዳይ ወስኗል። ልጃቸው የሞተባቸው አያቶች ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን በወር ሁለት ጊዜ አሳድረው፣ በበጋም ሁለት ሳምንት ይዘው መሰንበት ፈለጉ። እናትየው ፈጽሞ አልከለከለችም፤ በወር አንድ ጊዜ ይበቃል ነው ያለችው። የግዛቲቱ ሕግ ማንኛውም ሰው በማንኛውም ጊዜ ልጅ የማየት ጥያቄ እንዲያቀርብ ይፈቅድ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ እናቲቱን ደገፈ፤ ብቁ የሆነ ወላጅ ለልጁ የሚበጀውን ያውቃል ተብሎ ይገመታል፣ ዳኛ እንደፈለገ ሊያርመው አይችልም አለ። ፈረንሳዮች ደግሞ ከሌላ ወገን ነው የጀመሩት። በፍትሐ ብሔር ሕጋቸው ልጁ ከአያቶቹ ጋር ግንኙነት የማድረግ መብት አለው ይላሉ፤ መብቱን ለአያት ሳይሆን ለልጁ ሰጡት። እኔ የፈረንሳዮቹ አነጋገር ለእኛ አገር የበለጠ ይስማማል እላለሁ። ሰባት ዓመት አቅፋ ያሳደገችን አያት በአንድ የፍርድ ወረቀት ከልጁ ሕይወት ማጥፋት ለልጁ ይጠቅማል የሚል ዳኛ ቢኖር ምክንያቱን ብሰማ ደስ ይለኛል። ልጁ ለወላጅ ሲሰጥ በዚያው ውሳኔ ላይ ክረምቱን፣ በዓሉን፣ ስልኩን ማካተት ይቻላል፤ ጠይቁ። ያልተጠየቀ ነገር አይፈረድም።

አሁን ወደማይነገረው ነገር ልምጣ። ስለ ልጅ የተጀመረ ክርክር ውስጡ ሲታይ ስለ ንብረት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ልጁ ከሟች አባቱ የወረሰው ቤት አለ፣ ወይም ሮቢት ወንዝ ዳር በመስኖ ሽንኩርትና ማሾ የሚያበቅል፣ በየዓመቱ የሚከራይ መሬት አለ። ልጁን የያዘ መሬቱንም ይይዛል የሚል ስሌት በሁለቱም ወገን ይኖራል። ሕጉ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። የልጁን አኗኗር፣ ጤናና ትምህርት መጠበቅ አንድ ኃላፊነት ነው፤ ንብረቱን ማስተዳደር ሌላ። ሁለቱ በአንድ ሰው እጅ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ፍርድ ቤት ምክንያት ሲያይ ደግሞ ለተለያየ ሰው ሊሰጣቸው ይችላል። ንብረት አስተዳዳሪው የልጁን ቤት ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መሸጥ አይችልም፤ ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ሒሳብ ይጠየቃል። አያቶችም ይህን ልብ በሉ፦ ልጃችሁ ቀድሟችሁ ከሞተ የእሱ ልጆች በእሱ ቦታ ገብተው ይወርሷችኋል። ልጁ ከእናቱ ጋር ሄደ ብላችሁ ይህን ልትቆርጡበት የምታስቡ ካላችሁ ነገሩ እንዲያ ቀላል አይደለም።

ሽማግሌ ይግባበት ለምትሉት፣ እኔም እዚያው ነኝ። ወረዳ ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት የንስሐ አባት ወይም ሼኽ፣ ሁለት ሽማግሌ፣ አንዲት አስተዋይ ሴት (ሴቷን አትርሱ፤ ስለ ሕፃን አስተዳደግ ወንዶች ብቻ ተቀምጠው ሲወስኑ ማየት ያስቀኛል) ነገሩን ቢይዙት ጥሩ ነው። ሽማግሌ ዳኛ የማይችለውን ይችላል፤ ልጁ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ እንዲለምድ፣ መጀመሪያ ቅዳሜና እሑድ፣ ከዚያ ክረምቱን፣ ከዚያ የትምህርት ዓመቱ ሲጀመር ሙሉ በሙሉ እንዲሄድ ማስማማት ይችላል። ነገር ግን ስምምነቱ ይጻፍ፣ ለፍርድ ቤትም ቀርቦ ይጽደቅ። ያልጸደቀ ስምምነት አንደኛው ወገን በተናደደ ቀን ይፈርሳል። ከትምህርት ቤት በር ላይ ልጅ ነጥቆ መኪና ውስጥ ማስገባት ደግሞ በወላጅም በአያትም ሲደረግ ታይቷል። ልጅን ከሕጋዊ አሳዳሪው መንጠቅ በወንጀል ያስቀጣል፤ በፍትሐ ብሔሩ ክርክርም የነጠቀውን ሰው ይጎዳዋል።

ስለ ጊዜ የምለው አለኝ፤ የዛሬው ንግግሬ ዋና ነገር እሱ ነው። ከዚህ ተነስቶ ደብረ ብርሃን ለይግባኝ መሄድ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መቀመጫ ባሕር ዳር ነው። ፌዴራል ሰበር አዲስ አበባ ነው፣ መቶ ዘጠና ኪሎ ሜትር። ቀጠሮ ይሰጣል፣ ዳኛ ይቀየራል፣ ሐምሌ ይገባል፣ መስከረም ይጠባል። ሁለት ዓመት አለፈ ማለት ነው። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ አሥራ አንድ ሆነ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ልጁ ያለው በያዘው ሰው ቤት ነው፤ እዚያ ለምዷል፣ እዚያ ተምሯል፣ እዚያ ወዳጅ አፍርቷል። የመጨረሻው ዳኛ «የልጁ ጥቅም የት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን ያዘጋጀው ራሱ ክርክሩ ነው። ይህን የሚያውቅ ብልጥ ተከራካሪ ቀጠሮ ማስረዘም እንደሚጠቅመው ይገባዋል። ስለዚህ ወላጅ ከሆናችሁ አትዘግዩ፤ እስክትደራጁ፣ ቤት እስክትሠሩ አትጠብቁ። ልጁን ዛሬ መውሰድ ባትችሉ እንኳ ዛሬ ጎብኙት፣ ዛሬ ደውሉለት፣ የቻላችሁትን ላኩና ደረሰኙን አስቀምጡ። ከችሎትም ክርክሩ እስኪያልቅ ልጁን የማየት ጊዜያዊ ትእዛዝ ጠይቁ። ውሳኔ ከተሰጠም በኋላ ቢሆን ሁኔታው ሲለወጥ ጉዳዩ እንደገና ሊታይ ይችላል፤ ስለ ልጅ የተሰጠ ፍርድ እንደ መሬት ፍርድ አንዴ የተቆለፈ አይደለም።

አያት ከሆናችሁም እንዲሁ። በ2013 በአጣዬና በአካባቢው በደረሰው ቃጠሎ፣ በኅዳር 2014 ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ድረስ በመጣ ጊዜ፣ ወላጅ የሞተባቸውን ወይም የተበተነባቸውን የልጅ ልጆች የሰበሰባችሁ ብዙ ናችሁ። ማንም ወረቀት ጠይቋችሁ አይደለም የሰበሰባችኋቸው። አንዳንዶቹ ልጆች የልደት ምዝገባ የላቸውም፤ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው፣ ከዚያ በፊት ለተወለደ ልጅ ያለው ማስረጃ ብዙ ጊዜ የክርስትና ወይም የክትባት ካርድ ብቻ ነበር፣ እሱም በሽሽት የጠፋ ይኖራል። ወላጆቹ ለሌሉ ልጅ ፍርድ ቤት ቀርባችሁ የአሳዳሪነትና የሞግዚትነት ማስረጃ አውጡ። ያለዚያ ነገ ልጁን ትምህርት ቤት ስታስመዘግቡ፣ ስታሳክሙ፣ የአባቱን ገንዘብ ከባንክ ስታወጡ «እርስዎ ማን ነዎት?» ትባላላችሁ። አንዱ ወላጅ በሕይወት ካለ ደግሞ የት እንዳለ ፈልጉት፤ አለመፈለጋችሁ በኋላ «ልጄን ደበቁብኝ» የሚል ክስ ሆኖ ይመጣባችኋል።

መጨረሻ ላይ ለአረብ አገር ጉዞ የተሰናዳችሁ እኅቶች፣ በዚህ አዳራሽ ካላችሁ ይህ ለእናንተ ነው፤ ሌሎቻችሁም ለምታውቋቸው ንገሩልኝ። ፓስፖርት ስታወጡ ልጃችሁን የምትተዉለትን ሰው ይዛችሁ ወረዳ ፍርድ ቤት ሂዱ። ልጁ ከማን ጋር እንደሚቆይ፣ በየወሩ ምን ያህል እንደምትልኩ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምትደውሉ፣ ስትመለሱ ልጁ እንዴት እንደሚረከብ ጽፋችሁ አስጸድቁ። አንዱን ቅጂ ለእናታችሁ ስጡ፣ አንዱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሦስተኛው መዝገብ ቤት ይቀመጥ። የሚወስድባችሁ ጊዜ ለጤና ምርመራው ከምታጠፉት አይበልጥም።